ላም አለኝ ከመሬት በታች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በኦሎምፒክና በፒኮ ቡሌቫርዶች መካከል፣ የቡና ጢስና የበርበሬ ሽታ የሚቀላቀሉበት አጭር ሠፈር አለ። ከተማዋ በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብላ በይፋ የሰየመችው ነው። ክትፎውን የበላ እንግዳ እግሩን ለማፍታታት ወደ ፒኮ ቡሌቫርድ ወጥቶ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ቢራመድ፣ ከመንገዱ ዳር ዓይን የማይስብ አንድ የቢሮ ሕንፃ ያገኛል። ሕንፃው ግን ቢሮ አይደለም። ጣሪያም የለውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ መሸፈኛ ሲሆን ከግድግዳው ጀርባ ያሉት የነዳጅ ጉድጓዶች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎስ አንጀለስ ፊልምን ከማወቋ በፊት ያወቀችው ነዳጅን ነው። በ1892 ኤድዋርድ ዶሄኒ የተባለ ዕድሉን ፈላጊ፣ እንደሚነገረው ጫፉ በተሳለ የባሕር ዛፍ ግንድ መሬቱን እየወጋ ነዳጅ ካገኘ በኋላ፣ ሰው የጓሮ አትክልቱን ነቅሎ ጉድጓድ ቆፈረ። ዛሬ በከተማዋ ክልል ውስጥ የሚሠራውም፣ ሥራ የፈታውም፣ የተረሳውም ሲደመር ከ5,000 በላይ ጉድጓድ አለ። በመጋቢት 1985 ከሊትል ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን ብዙም ሳይርቅ፣ ሠርድ ስትሪት ላይ ባለ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ የተጠራቀመ ሚቴን ጋዝ ፈንድቶ ከ20 በላይ ሰዎችን አቆሰለ። ከተማዋ ያቋቋመችው አጣሪ ቡድን ጋዙ ከሥር የበሰበሰ የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት የፈጠረው ነው አለ። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ምሁራን ደግሞ ጣታቸውን ከሠፈሩ በታች ወዳለው አሮጌ የነዳጅ ማሳና ወደ ጉድጓዶቹ ቀሰሩ። ክርክሩ ባይዘጋም፣ የከተማው ሰው ከእግሩ ሥር ምን እንዳለ ያወቀው ያን ዕለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጉድጓድ ምን ይደረግ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለዚህ ጥያቄ ጆሮ የሚያስቀስር መልስ ይሰማል። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ገንዘቡም ወጥቷል፣ ከታች ያለው አለት ደግሞ ትኩስ ነው። ነዳጁ ካለቀ ለምን ሙቀቱን አናወጣም? አየር ይበክል የነበረው ጉድጓድ ንጹሕ ኃይል ይሰጣል፣ ሥራ የፈታው ቆፋሪ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ኩባንያውም ለመድፈኛ የሚያወጣው ወጪ ይቀርለታል። ሐሳቡ ያምራል። ከማማሩም የተነሣ ብዙ ሰው ቁጥሩን ሳይጠይቅ ተቀብሎታል። ቁጥሩን የጠየቀ ሰው ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያገኛል። አንዱ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ዓይነት ነው። ሌላዋ ላም ግን እውነትም ትታለባለች፤ ብቻ ደጇ ድረስ ጮጮ ይዞ የሚመጣ ሰው ትፈልጋለች።

መጀመሪያ የችግሩን ስፋት እንይ። የነዳጅ ዘመን ተጀመረ የሚባለው በ1859 በፔንሲልቬንያ ቲተስቪል ኤድዊን ድሬክ 21 ሜትር ገደማ ቆፍሮ ድፍድፍ ባወጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ምድር እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግምት የተተዉት ጉድጓዶች ከ3 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑና ከግማሽ የሚበልጡት በወጉ እንዳልተደፈኑ ያሳያል። ጥንት አንዳንዱን የደፈኑት በእንጨት ጉማጅ ነበር። ባለቤታቸው የከሰረ ወይም ጨርሶ የማይታወቅ፣ በአገሩ ቋንቋ «ወላጅ አልባ» የሚባሉትና በመዝገብ የተያዙት ጉድጓዶች ብቻ ከ120,000 ያልፋሉ። ከነዚህ የሚያፈተልከው ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል፤ የገበሬውን የጉድጓድ ውሃ የሚያበላሸው ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳዩ የአየር ንብረት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ኮንግረሱ በ2021 ባወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለመድፈኛ 4.7 ቢሊዮን ዶላር መድቧል።

እንግዲህ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ኤሌክትሪክ ቢወጣ ብሎ ማለም እዚህ ላይ ይመጣል። ጉድጓድ መቆፈር በጂኦተርማል፣ ማለትም የምድርን ሙቀት በማውጣት ሥራ ውስጥ ትልቁ ወጪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉን ይበላል። በነፃ የተገኘ ጉድጓድ ግማሽ መንገድ እንደ መድረስ ይመስላል። ነገር ግን ጉድጓድ የሚቆፈረው ለአንድ ዓላማ ነው፤ ጠመዝማዛው እዚህ ላይ ነው።

በአብዛኛው የዓለም ክፍል ወደ ታች አንድ ኪሎ ሜትር በተወረደ ቁጥር ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። ሦስት ኪሎ ሜትር የተቆፈረ የነዳጅ ጉድጓድ ግርጌው ላይ መቶ ዲግሪ ገደማ ቢያሳይ ነው። መቶ ዲግሪ ለሻይ ይበቃል። ተርባይን ለማዞር ግን ትንሽ ነው፤ ውሃውን ራሱን ሳይሆን በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላ ሌላ ፈሳሽ አፍልቶ በእርሱ እንፋሎት ተርባይኑን ማዞር ያስፈልጋል። በዚህ ዘዴ ከሙቀቱ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ከአሥር እጅ አንዱ ከሆነ ተመስገን ነው።

ጥበቱ ደግሞ አለ። የነዳጅ ጉድጓድ የመጨረሻው የብረት ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ከ14 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። የአዋቂ ሰው ስንዝር አይሞላም። ድፍድፍ ነዳጅ ውድ ነገር ስለሆነ በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ቀስ እያለ ቢወጣ ባለቤቱን ያበለጽጋል። ሙቅ ውሃ ግን ርካሽ ነው፤ ትርፍ የሚሰጠው በብዛት ሲጎርፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የጂኦተርማል ጉድጓድ ሲቆፈር ቧንቧው ከ24 እስከ 34 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን የውሃው መተላለፊያ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ አሮጌ የነዳጅ ጉድጓድ በሴኮንድ 10 ሊትር የ90 ዲግሪ ውሃ ቢሰጥ፣ ውሃውም እስከ 50 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ የሚገኘው ሙቀት 1,670 ኪሎዋት ገደማ ነው። ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ ግን 150 ኪሎዋት ቢሆን ነው፤ ከዚያ ላይ ፓምፑ የራሱን ይወስዳል።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም፤ ተሞክሯል። ዋዮሚንግ ውስጥ ቲፖት ዶም የሚባል፣ ቀድሞ የመንግሥት የነበረ የነዳጅ ማሳ አለ። ስሙ በአሜሪካ ታሪክ የሚነሣው በ1920ዎቹ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አልበርት ፎል ማሳውን በጉቦ አከራይቶ እስር ቤት በመግባቱ ነው። በ2008 ግን ለሌላ ነገር ስሙ ተነሣ፤ ከነዳጁ ጋር ተደባልቆ ከሚወጣው 90 ዲግሪ ገደማ ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማሽን ተተከለበት። አቅሙ 250 ኪሎዋት ነበር። ቻይና በኽዋበይ የነዳጅ ማሳ በ2011 የ110 ዲግሪ ውሃ ይዛ ሞከረች፤ 400 ኪሎዋት። የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲም ከአንድ የነዳጅ ኩባንያ ጋር ሆኖ በ2016 በሲዳር ሂልስ ማሳ ሞክሯል፤ እንደገና 250 ኪሎዋት። ለአዲስ አበባ አንባቢ በቤት ቋንቋ ሲነገር፣ 250 ኪሎዋት ማለት በአንድ ጊዜ የተሰኩ 65 ያህል የኤሌክትሪክ ምጣዶች ናቸው። የአንድ ትልቅ ሠርግ እንጀራ ይጋግራል። ከተማ ግን አያበራም።

ሦስቱም ቦታዎች የሚያመሳስላቸው ሌላ ነገር አለ፤ ሥራቸውን የሠሩት ማሳው ነዳጅ እያወጣ ሳለ ነው። አሮጌ የነዳጅ ማሳ በእውነቱ የውሃ ማሳ ነው። ከመቶ በርሜል ውስጥ ዘጠናው ውሃ፣ አሥሩ ነዳጅ ሆኖ የሚወጣበት ጉድጓድ ብርቅ አይደለም፤ በአሜሪካ በየዓመቱ ከነዳጅና ከጋዝ ጋር የሚወጣው ውሃ ከ20 ቢሊዮን በርሜል ይበልጣል። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው የነዳጁ ገንዘብ ነው። የነዳጁ ገንዘብ ሲቆም ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ሙቅ ውሃውም ይቆማል። ካናዳ አልበርታ ውስጥ ስዋን ሂልስ የተሠራውን ጣቢያ ማየት ይበቃል። በ2023 ሥራ የጀመረው ይህ ጣቢያ ከ21 ሜጋዋት አቅሙ ውስጥ ስድስት ያህሉን ከማሳው ሙቅ ውሃ፣ ቀሪውን ከጋዝ እንዲያመነጭ የታቀደ ነበር፤ በዚህ ዘርፍ እንደ ተአምር ተጨብጭቦለታል። የማሳው ባለቤት የነበረው ኩባንያ ግን በ2024 መጀመሪያ ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ጠየቀ። በነዳጅ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ንጹሕ ኃይል ነዳጁ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

«ታዲያ ጂኦተርማል ራሱ ውሸት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በኔቫዳ በረሃ ፈርቮ የተባለው ኩባንያ በ2023 ያደረገው ሙከራ ውጤት እዚህ ላይ ቢነጻጸር ልዩነቱ ፍንትው ይላል። ኩባንያው አሮጌ ጉድጓድ አልነካም። አዲስ ቆፈረ፤ ወደ 190 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያለው አለት ላይ ሲደርስ ቁፋሮውን ወደ ጎን አጠፈ፣ አለቱን በውሃ ግፊት ሰነጣጠቀ፣ በአንዱ ጉድጓድ አስገብቶ በሌላው በሴኮንድ 63 ሊትር አወጣ። የተገኘው 3.5 ሜጋዋት ነው፤ ከቲፖት ዶሙ ማሽን 14 እጥፍ። ወደ ጎን መቆፈርና አለት መሰንጠቅ ደግሞ የነዳጅና የጋዝ ሰዎች ያዳበሩት ጥበብ ነው፤ የኩባንያው መሥራች ቲም ላቲመር ራሱ ከነዳጅ ቁፋሮ መሐንዲስነት የመጣ ሰው ነው። ከነዳጅ ዘመን ለጂኦተርማል የቀረው ውርስ ምንድን ነው ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ። የሪግ ኦፕሬተሩ እጅ፣ የጂኦሎጂስቱ ዓይን፣ በሺህ ጉድጓድ ተሳስቶ የተማረው ሠራተኛ ናቸው ውርሱ። ቀዳዳው ከዚህ ሁሉ ርካሹ ነው።

አሁን ወደምትታለበው ላም።

ያ 1,670 ኪሎዋት ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ ከአሥር እጅ አንዱ ቢቀር ነው ተብሏል። ሳይለወጥ እንዳለ፣ ሙቀት ሆኖ፣ ሙቀት ለሚፈልግ ሰው ቢሸጥስ? ያን ጊዜ ዘጠኝ እጁ አይባክንም። በብርድ አገር ከመቶ በላይ ቤቶችን በክረምት ማሞቅ ይችላል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ፓረንቲስ በሚባል ቦታ በ1954 የተገኘ የነዳጅ ማሳ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ከነዳጁ ጋር የሚወጣው 60 ዲግሪ ገደማ ውሃ ወደ መሬት ከመመለሱ በፊት በአጠገቡ ባሉ ግሪን ሃውሶች በኩል ያልፋል። ግሪን ሃውሶቹ ቲማቲም ያበቅላሉ። ለኤሌክትሪክ ይህ ውሃ ዋጋ የለውም ሊባል ምንም አይቀረው፤ ለቲማቲም ግን ወርቅ ነው። እዚያው አካባቢ ላ ቴስት ከተማ ደግሞ ሌላ የነዳጅ ማሳ ሙቅ ውሃውን ለአዲስ የመኖሪያ ሠፈር ይሰጣል። ነገሩ የሠራው ቲማቲሙም መንደሩም ከጉድጓዱ ጥቂት ርቀት ላይ ስለሆኑ ነው። ሙቀት እንደ ኤሌክትሪክ በሽቦ መቶ ኪሎ ሜትር አይሄድም፤ በቧንቧ ሲጓዝ በየሜትሩ ይቀዘቅዛል፣ ቧንቧውም በየሜትሩ ገንዘብ ይበላል።

የፓሪስ ሰዎች ይህን ቀድመው አውቀውታል። በ1950ዎቹ በፓሪስ ዙሪያ ነዳጅ ሲፈለግ ከአንድ ሺህ ተኩል እስከ ሁለት ሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ የሚገኝ ትልቅ የሙቅ ውሃ ንጣፍ ታወቀ። በ1969 ሜሉን ከተማ የመጀመሪያውን ጥንድ ጉድጓድ ቆፍራ በአንዱ ትኩሱን እያወጣች፣ ቀዝቃዛውን በሌላው እየመለሰች ቤቶች ማሞቅ ጀመረች። ዛሬ በፓሪስ ዙሪያ ከ200,000 በላይ መኖሪያ ቤቶች በዚህ መንገድ ይሞቃሉ። ልብ የሚባለው፣ የጠቀመው የነዳጅ ፈላጊው ጉድጓድ ሳይሆን የነዳጅ ፈላጊው መዝገብ መሆኑ ነው። የሙቀት ልኬቱ፣ የአለቱ ናሙና፣ የውሃው ዓይነት በወረቀት ተጽፎ መቀመጡ ቀጣዩን ትውልድ ከጨለማ ቁፋሮ አድኖታል። አንድ ኩባንያ ጉድጓዱን ሲለቅ ከሲሚንቶው ጋር መዝገቡንም ካላስረከበ የሚጠፋው ሀብት ከቀዳዳው ይበልጣል።

ክሮኤሺያ ደግሞ የነዳጅ ፈላጊው ጉድጓድና ለተርባይን የሚበቃ ሙቀት በአንድ ቦታ የተገጣጠሙባት አገር ናት። የመንግሥት የነዳጅ ኩባንያዋ ኢና በ1990 ገደማ ቬሊካ ሲግሌና በሚባል መንደር ነዳጅ ሲፈልግ 170 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ውሃ አገኘ። ነዳጅ ስላልነበረበት ጉድጓዱ ተዘግቶ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ተቀመጠ። በመካከሉ ጦርነት ነበር፣ አገሩም ተለወጠ። በ2018 መጨረሻ ግን አንድ የቱርክ ኩባንያ እዚያው ላይ 16 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ አስጀመረ። የአሮጌ ጉድጓድ ተሟጋቾች ይህን ምሳሌ ደጋግመው ይጠቅሳሉ፤ መብታቸው ነው። ሆኖም 170 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ በብዛት የሚገኝበት የነዳጅ ጉድጓድ ስንት ነው? ለቬሊካ ሲግሌና የተሰጣት ጸጋ ለኦክላሆማ ወይም ለፔንሲልቬንያ ሜዳ አልተሰጠም።

ውሃ የሌለው ደረቅ ጉድጓድ ያለው ሰው ሌላ መላ አለው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ቧንቧ በቧንቧ አስገብቶ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ መላክና ከአለቱ ሙቀት ተቀብሎ ሲመለስ መቀበል። ጀርመን ፕሬንዝላው ከተማ በ1990ዎቹ በ2,786 ሜትር ጉድጓድ ይህን ሠርታለች። በእንግሊዝ ዮርክሻየር ኪርቢ ሚስፐርተን የሚባል መንደር ደግሞ ነገሩ ምፀት አለበት፤ አለት በመሰንጠቅ ጋዝ ለማውጣት የተዘጋጀውን ጉድጓድ የአካባቢው ሰዎች በተቃውሞ ሰፈር ድንኳን ተክለው ሲከላከሉት ከርመው ጋዙ ሳይወጣ ቀረ፤ በኋላ ያው ጉድጓድ ይህን የተዘጋ ዑደት መሞከሪያ ሆነ። ዘዴው ንጹሕ ነው፣ ከመሬት ምንም አይቀዳም። ግን አለት ሙቀት የሚያስተላልፈው እጅግ ቀስ ብሎ ነው። በቧንቧው ዙሪያ ያለው ድንጋይ ከወራት በኋላ ይቀዘቅዛል፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድም የሚገኘው ሙቀት ጥቂት መቶ ኪሎዋት ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ የመዋኛ ገንዳ ይበቃል። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከንቱም አይደለም።

ትምህርት ቤት ከተነሣ ዘንድ፣ በኦክላሆማ ሲቲ አቅራቢያ ያለችው ተተል ልትረሳ አይገባም። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር በ2022 ለአሮጌ ጉድጓዶች ሙከራ 8.4 ሚሊዮን ዶላር ለአራት ፕሮጀክቶች ሲያከፋፍል፣ 1.7 ሚሊዮኑን የወሰደው የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ነው። እቅዱ በተተል ያሉ አራት አሮጌ የነዳጅ ጉድጓዶችን ለትምህርት ቤቶች ማሞቂያ ማድረግ ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከአራቱ ፕሮጀክቶች ሁሉ አስተዋይ የሚለው ይህን ነው። ኤሌክትሪክ አይመኝም፤ ጉድጓዱ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው፤ ትምህርት ቤት በየክረምቱ ሙቀት ይፈልጋል፤ ገዢው ነገ ከተማ ለቅቆ አይሄድም።

አሁን ደግሞ ስለ ገንዘቡ መናገር ያስፈልጋል፤ የዚህ ሁሉ ወሬ ቅሌት ያለው እዚያ ነው። በ2021 የወጣ ጥናት በአሜሪካ አንድ ጉድጓድ ለመድፈን መካከለኛው ወጪ 20,000 ዶላር፣ መሬቱን ወደ ነበረበት መመለስ ሲጨመር 76,000 ዶላር እንደሆነ አሳይቷል። በፌዴራል መሬት ላይ የሚቆፍር ኩባንያ ግን ለአንድ የሊዝ ይዞታ እንዲያስይዝ ይጠየቅ የነበረው ትንሹ ዋስትና 10,000 ዶላር ነበር። ይህ መጠን የተወሰነው በ1960 ነው። አንድ ይዞታ ላይ በርካታ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ለስድሳ ዓመታት ያህል ያ ቁጥር ሳይነካ ተቀመጠ፤ በ2024 ነው ወደ 150,000 ዶላር ከፍ እንዲል የተወሰነው። በመካከሉ የሆነው ግልጽ ነው። ትልቁ ኩባንያ ጥሩውን ዘይት ያወጣል፣ ማሳው ሲደክም ለትንሽ ኩባንያ ይሸጠዋል፣ ትንሹ የቀረውን ጠምዝዞ ለሌላ ትንሽ ያሳልፈዋል፣ የመጨረሻው ይከስራል። ጉድጓዱም ወላጅ አልባ ሆኖ ለግብር ከፋዩ ይተርፋል።

እዚህ መሐል «ጉድጓዱን አልደፍንም፣ ወደ ጂኦተርማል ልቀይረው ነው» የሚል ቃል ሲገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መቀየር ማለት መድፈንን ማዘግየት ነው። አምስት ዓመት ጥናት፣ ሌላ አምስት ዓመት ፈቃድ፤ በዚያ መሐል ቧንቧው ይዝጋል፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ባለቤቱ ስሙን ይቀይራል። ብዙዎቹ አሮጌ ጉድጓዶች ለሌላ ሠላሳ ዓመት ሥራ የሚበቃ ጤንነት የላቸውም፤ ዝገት የበላው ቧንቧ በግፊት ሙቅ ውሃ ሲተላለፍበት ከከርሰ ምድር መጠጥ ውሃ ጋር ሊያደባልቀው ይችላል። አዲስ ቧንቧ በአሮጌው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያው ጠባብ ቀዳዳ ይብሳል። ሐሳቡን በቅንነት የሚያራምዱ መሐንዲሶች ብዙ ናቸው፤ ከኋላቸው ግን ዕዳ የሚሸሽ ሰው ሊቆም እንደሚችል ሕግ አውጪው ማየት አለበት።

ካናዳ በዚህ ረገድ የሠራችው ሥራ ይመሰገናል። ሬድዋተር የተባለ አነስተኛ የነዳጅ ኩባንያ በ2015 ሲከስር፣ ንብረቱን የሚያጣራው ባለአደራ የሚሸጡትን ጉድጓዶች ይዞ ዕዳ ያለባቸውን ሊተዋቸው ፈለገ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ፈቀዱለት። በጥር 2019 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ውሳኔውን ገለበጠው፤ የከሰረ ኩባንያ ንብረት ለአበዳሪዎች ከመከፋፈሉ በፊት የጉድጓዶቹ ማጽጃ ይቀደማል አለ። ከመቶ ጂኦተርማል ኮንፈረንስ ይልቅ ይህ አንድ ፍርድ ለምድሩ ጠቅሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኢትዮጵያስ? እዚህ ላይ ነገሩን በኃይል መጎተት አያስፈልግም። በሶማሌ ክልል ካሉብና ሂላላ ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቴኔኮ የተባለው ኩባንያ፣ ኋላም ሶቪየቶች የቆፈሯቸው ጥልቅ የጋዝ ጉድጓዶች አሉ፤ ጋዙ ገና እየወጣ ሳለ የጉድጓዱን ሙቀት የሚመኝ ሰው የለም፤ በዚያ ቆላ ደግሞ ማሞቂያ የሚገዛ ሰው ማን ነው? የኢትዮጵያ ሙቀት ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነው። በአሉቶ ላንጋኖ በ1980ዎቹ ከተቆፈሩት ስምንት ጉድጓዶች መካከል ከ300 ዲግሪ በላይ ያሳዩ አሉ፤ የቲፖት ዶም የ90 ዲግሪ ውሃ እዚህ ቢመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይባላል። አሉቶ 7.3 ሜጋዋት ለማመንጨት ተተክሎ ብዙ ዘመን የተንገዳገደው ሙቀት አጥቶ አይደለም። የጎደለው የሰው እጅ፣ መለዋወጫና የቁፋሮ ልምድ ነበር። በ2019 የኬንያው ኬንጄን ቱሉ ሞዬ ላይ ለመቆፈር ውል ሲፈርም የመጣው ያ ልምድ ነው፤ ኬንያውያን በኦልካሪያ ከ1981 ጀምሮ ኤሌክትሪክ እያመነጩ ያካበቱት።

ሎስ አንጀለስ ግን ሌላ ናት። ከፒኮ ሥር ያለው ማሳ ሙቀት የለውም ማለት አይቻልም። የሊትል ኢትዮጵያ ሰው ግን በጥር ወር እኩለ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ አየር ሹራብ ጥሎ ይወጣል። የሬስቶራንቱ ባለቤት የሚያሳስበው የማቀዝቀዣው ሒሳብ ነው። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ ውሃው ለተርባይን አይበቃም፣ ሙቀቱንም የሚገዛው የለም። ተተልና ፓረንቲስ ያሟሉትን መመዘኛ ይህ ሠፈር አያሟላም።

የከተማዋ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2022 አዲስ ቁፋሮን ከልክሎ ያሉት ጉድጓዶች በ20 ዓመት ውስጥ እንዲዘጉ ወስኖ ነበር፤ የነዳጅ ኩባንያዎች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤትም ደንቡን ጣለው፤ በ2024 የካሊፎርኒያ ግዛት አዲስ ሕግ አውጥቶ ለከተሞች ሥልጣኑን መለሰላቸው። ደንቡ ዳግም ሲረቀቅ «ጉድጓዱ ለሌላ ኃይል ሊውል ይችላል» የሚል ሐረግ ሊገባበት እንደሚሞከር መጠበቅ ይቻላል። ሐረጉ ከገባ ሦስት ነገሮች አብረውት ይግቡ፦ የመድፈኛው ሙሉ ገንዘብ መጀመሪያ በባንክ ይቀመጥ፣ የውሃው መጠንና ሙቀት በገለልተኛ ሰው ተለክቶ ለሕዝብ ይገለጽ፣ ሙቀቱን የሚገዛው ሰው ስምና አድራሻ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ። የኪርቢ ሚስፐርተን ሰዎች ድንኳን ተክለው ካገኙት ይልቅ፣ የፒኮ ጎረቤቶች የመጨረሻዋን ወረቀት ብቻ ቢጠይቁ ብዙው ማመልከቻ በገዛ እጁ ይመለሳል።